ደገፋና ጨረቃ የተሸከመችው አህያ

«ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ ይሄ ሮቶ ከነውሃው አናቴ ላይ ይውረድ!» አለ ደገፋ፣ ሱቁ ጣሪያ ላይ የተቀመጠውን ጥቁር ሮቶ በጣቱ እያሳየ። ሮቶው ለሽያጭ የተቀመጠ ባዶ መሆኑን ጎረቤቱ ኑሪ ያውቃል፤ ቢሆንም መሐላ መሐላ ነው ብሎ አለፈው።

ደገፋ ለቡ መብራት ኃይል በሚባለው ሰፈር የሕንጻ መሣሪያ ይሸጣል። ቧንቧ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የውሃ ፓምፕ፣ የሚጎድል ነገር የለም፤ ከጎደለም ወሬው ይሞላዋል። አሁን ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት መሬት ድሮ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። እሱ ሲያወራው ግን ማሳው ከለቡ ይነሳና ፉሪን አልፎ ይሄዳል፤ ፈረሰኛ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ጀንበር ሳትጠልቅ አይጨርሰውም። በደገፋ አፍ ድመት ነብር ትሆናለች፣ ካፊያ ጎርፍ ይሆናል። ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሰው ወሬው ጥሞት ሚስማሩን ረስቶ ይሄዳል ይባላል። ይህን የሚለውም ራሱ ደገፋ ነው።

ከወሬዎቹ ሁሉ አንዷን ግን ለብቻዋ ይወዳታል። የመጽሐፍ ወሬ ናት።

«አምስት ዓመቴ ነው» ይላል። «ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ ቻልኩ! ‹ጨረቃ የተሸከመችው አህያ› የሚባል መጽሐፍ ነበረኝ። አህያዪቱ ሲመሽ ሁለት እንስራ ውሃ ተጭና ከወንዝ ትወጣለች። ዞር ብላ ስታይ በአንዱ እንስራ ውስጥ ጨረቃ አለች። በሌላው ጎኗ ስታይ እዚያም ጨረቃ አለች። ሁለት ጨረቃ የተሸከመች መሰላት። ከዚያ ወዲያ እንዳይፈሱባት ብላ፣ እግሯን እንደ ሙሽራ እያነሳች፣ ድንጋይ ሳትነካ ዳገቱን ትወጣለች…»

የመጨረሻ ልጁ ፌኔት፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ያደገችው በዚች አህያ ነው። የታሪኩ መጀመሪያ አይለወጥም። መጨረሻው ግን እንደ ደገፋ ቀን ነው። ገበያ የቀናው ዕለት አህያዋ ንግሥት ትሆናለች፤ ባልቀናው ዕለት እንስራው ይሰበራል።

«አባዬ፣ ትናንት ንግሥት ሆነች አላልክም?»

«እሱ ሁለተኛው ቅጽ ነው የኔ እናት።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ይኖር ነበር፣ የፌኔት አስተማሪ ቲቸር ሐሚዳ ያንን ነገር ባታስብ። ወላጆች በልጅነታቸው የወደዱትን መጽሐፍ ይዘው ክፍል ይምጡና ለልጆቹ ያንብቡ አለች። ቲቸር ሐሚዳ ተናግራ ሳትጨርስ የፌኔት እጅ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። ያን ጊዜ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ሃሩን ዞር ብሎ፣

«የሷ አባት? ለኛ ቤት ‹ለልጅ ልጅ ይተርፋል› ብሎ የሸጠልን ቧንቧ በሳምንቱ ፈነዳ! መጽሐፉም እንደ ቧንቧው ነው፣ ዋሾ ነው!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ፌኔት ያን ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«አባዬ፣ መጽሐፉ አለ አይደል?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ይሄ!»

«አለ ብያለሁ። አርብ አባቴ ይዞት ይመጣል ብያለሁ። ከሌለ እዚያ ትምህርት ቤት አልመለስም፤ ሁሉም ‹የዋሾ ልጅ› ነው የሚሉኝ።»

«አለ! ሮቶው…»

«በሮቶው አትማል። በኔ ማል።»

ደገፋ በሕይወቱ ያልማለበት ነገር የለም፤ በሰማይ፣ በምድር፣ በሞተ አጎቱ፣ በሌለ አጎቱ ሁሉ ምሏል። በፌኔት ግን ምሎ አያውቅም።

«በፌኔት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጆሮው ጋለ። ሰው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ጆሮው ይግላል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

በመጽሐፉ መኖርስ አልተጠራጠረም። በጋዜጣ የተለበደው ሽፋኑ፣ የወረቀቱ ሽታ፣ ሁሉ ትዝ ይለዋል። ያነበበው ግን እሱ አልነበረም። ታላቅ እህቱ ገዲሴ ነበረች። አመሻሽ ላይ፣ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ትቀመጥና መጽሐፉን ወደ ራሷ አዙራ ታነብለታለች። ያኔ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሁሉ በአማርኛ ነው፤ እሷ ግን የምታነብለት በኦሮምኛ ነበር። እያየች ትተረጉመዋለች ብሎ ይደነቅባት ነበር። ኋላ ታሪኩን ለሰው ሲያወራ ሲያወራ፣ ገዲሴ በደንብ ካልታሰረ ጭነት ላይ እንደሚወድቅ ጆንያ ከታሪኩ ውስጥ የሆነ ቦታ ወደቀች። «እሷ አነበበችልኝ» የሚለው «እኔ አነበብኩ» ሆነ። መቼ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ይባስ ብሎ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ማንበብ ለማትችለው እህቴ አነብላት ነበር» ማለት ጀምሯል፤ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ከንፈሩን ስለሚመጥ።

ገዲሴ ፉሪ ነው የምትኖረው። በታክሲ ቅርብ ናት። ሄዶ «መጽሐፉ የት ገባ?» ቢላት ቀላል ነበር። ግን እሷን መጠየቅ ማለት ያነበበችው እሷ መሆኗን በገዛ አፉ መናገር ነው። ታክሲ ተራው ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

በምትኩ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ሄደ። ለኑሪ ሲነግረው ሻጮቹ ሰባት መቶ ሆነዋል፤ ሦስት ነበሩ። የመጨረሻው ሻጭ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው፣ የመጽሐፉን ስም ሁለቴ አስደግሞት ራሱን ነቀነቀ።

«እንደዚህ የሚባል መጽሐፍ የለም ወንድሜ።»

«አንተ ስላላየኸው ነው የሌለው?»

«የልጆች መጽሐፍ ተብሎ በዚህ ከተማ የታተመ ሁሉ በእጄ አልፏል። ይሄ ግን አላለፈም። ምናልባት በሕልምህ ይሆን?»

«በሕልሜማ ያየሁትን ብነግርህ ሱቅህን ዘግተህ ትከተለኝ ነበር!» ብሎ ሳቀ ደገፋ። ጥግ ሲታጠፍ ሳቁ ከፊቱ ላይ ወደቀ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጥግ ቁጢጥ እንዳለ ኑሪ አገኘው። ከፊቱ አሮጌ ጋዜጣ፣ መቀስና ስኮች ተዘርግቷል። ከነካርቶኑ ከቻይና የመጣውን የውሃ ፓምፕ ማብራሪያ መጽሐፍ፣ ልጅ ሆኖ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲለብድ እንደነበረው ጥግ ጥጉን እያጠፈ በጋዜጣ ይለብደዋል። ከላዩ በወፍራም ብዕር ‹ጨረቃ የተሸከመችው አህያ› ብሎ ጽፎበታል። አሮጌ እንዲመስል ሻይ አንጠባጥቦበት ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው አንተ ሰውዬ?»

«ቅርስ እያደስኩ ነው።»

ኑሪ ጎንበስ ብሎ አየ። «ቅርሱ ስኳር አለው፤ ንብ ወረረው» አለና ወደ ራሱ ሱቅ ሄደ።

ደገፋ አልሳቀም። ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ገጽ እየገለጥኩ አወርደዋለሁ፣ ማን ቀርቦ ያያል ብሎ ራሱን አጽናና። የሚለብድ እጁ ግን እንደ ሌባ እጅ ይቸኩል ነበር። ፌኔት ከትምህርት ቤት መጥታ የተለበደውን መጽሐፍ ስታይ በሁለት እጇ አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «አውቅ ነበር» አለች። ደገፋ ሲሚንቶ የሚቆጥር መስሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

አርብ ሱፉን ለብሶ፣ ፌኔት እጁን ይዛ ክፍሉን ስታሳየው፣ ኋላ በኩል ትንሽዬ የልጅ ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠች ሴት አየ። ገዲሴ ናት።

«አዳዳን እኔ ነኝ የጠራኋት» አለች ፌኔት። የአባቷን እህት እንዲያ ነው የምትጠራት። «አነብላት ነበር ትል የለ? እሷም ትስማ ብዬ።»

ገዲሴ ከሩቅ በእጇ ሰላም አለችው፤ ደስ ብሏት። የወንድሟ ልጅ ትምህርት ቤት ስትጋበዝ የመጀመሪያዋ ነው።

ያኔ ማሳጠር ነበረበት። ሁለት ቃል ተናግሮ፣ አህያዋን አራምዶ፣ መጽሐፉን ዘግቶ መውጣት። ግን አርባ ልጅ ዓይኑን ሲተክልበት ጊዜ፣ የደገፋ ምላስ ከደገፋ ቀድማ ሄደች። መጽሐፉን በራሱ ላይ አስሮ የሞላ ወንዝ አሻገረው። ሦስት ጅብ ተከተለው፤ ገጽ ገልጦ ቢያነብላቸው ቁጭ ብለው ሰሙ። ልጆቹ ጮኹ። የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ የልጁን ንባብ ሊሰማ ከየመንደሩ ተሰበሰበ።

«እዚያ የተቀመጠችው እህቴ ደግሞ፣» አለ፣ ሳያስበው፣ «ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ አጠገቤ አስቀምጬ አነብላት ነበር። ሳነብላት እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ነበር።»

ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ገዲሴ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልል ነበር፤ ቀና አላለችም።

ደገፋ ቶሎ ብሎ መጽሐፉን ከፈተና ማንበብ ጀመረ። አህያዪቱ ከወንዝ ወጣች። ጨረቃ በግራ፣ ጨረቃ በቀኝ። ድምፁ አማረለት፤ ክፍሉ ዝንብ ቢበር የሚሰማ ሆነ። ፌኔት አጠገቡ ቆማ የኮቱን ጫፍ ይዛለች፤ በየገጹ ወደ ሃሩን ታያለች። ሃሩን ደግሞ ከወንበሩ ትንሽ ትንሽ እየተነሳ አንገቱን አስግጎ አስግጎ፣

«ቲቸር! ቻይንኛ ነው!» አለ። «ቻይንኛ ነው! የፓምፕ ሥዕልም አለበት!»

ሳቁ ከየት መጣ ሳይባል ክፍሉን ሞላው። ደገፋ መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ባልጠላ፤ ወለሉ ግን ራሱ የሸጠው ጠንካራ ሴራሚክ ነበር።

«እሱ… በቻይና የታተመው እትም ነው» አለ። ልጆቹ ይበልጥ ሳቁ።

ፌኔት አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ወደ ላይ ቀና ብላ ብቻ አየችው። «በኔ ምለሃል» አለችው፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ።

ያን ጊዜ የሚይዘውን አጥቶ፣ እየሰመጠ ቅጠል እንደሚጨብጥ ሰው፣ ወደ ኋላ ጮኸ።

«ምስክር አለኝ! እህቴ ምስክሬ ናት! ገዲሴ፣ ንገሪያቸው እስቲ! መጽሐፉ ነበር አልነበረም? አነብልሽ ነበር አላነብልሽም?»

ቲቸር ሐሚዳ ልጆቹን ዝም አሰኘች። «እትዬ ገዲሴ፣ እስቲ ይንገሩን» አለች በትሕትና።

ገዲሴ አልተነሳችም። ወንድሟንም አላየችውም። ፌኔትን ነበር የምታየው።

«አዳዳ አንቺን አትዋሽሽም» አለች ቀስ ብላ። «መጽሐፉ የለም ልጄ። ኖሮም አያውቅም።»

ደገፋ የተለበደውን ማብራሪያ ከጀርባው ደበቀ።

«አባትሽ አንደኛ ክፍል ሲገባ ፊደል እምቢ አለው። አስተማሪው ይገርፉታል፤ እሱም ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ጎተራ ሥር ይደበቃል። እኔ እቤት ቀርቼ እሱ እንዲማር ነበር የተፈረደው። እሱም ከቀረ ከቤታችን ማን ሊማር ነው? መጽሐፍ ይወድልኝ ብዬ፣ የሒሳብ መጽሐፉን አንስቼ ያነበብኩ መሰልኩ። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። እንዳያይብኝ ወደኔ አዙሬ እይዘዋለሁ። በጋዜጣ ተለብዷል፣ ምን መጽሐፍ እንደሆነ በምን ያውቃል? አህያዋ የኛው አህያ ናት። ከወንዝ ስመለስ እንስራው ውስጥ ያየሁትን ነው የነገርኩት። ዓመቱ ሲያልቅ መጽሐፉን ትምህርት ቤቱ ወሰደው፤ እሱም በዚያው ማንበብ ለመደ። ጅብም፣ የሞላ ወንዝም አልነበረም።»

የኮቱን ጫፍ የያዘችው ትንሽ እጅ መልቀቋ ለደገፋ ታወቀው።

«ታዲያ» አለች ቲቸር ሐሚዳ፣ ነገሩን ለማለስለስ ብላ፣ «ኋላ ማንበብ ሲችል አነበበልዎት ማለት ነው?»

ገዲሴ ጥቂት አሰበች፤ ወንድሟን የምታድንበት አንድ ነገር ትዝ ይላት እንደሆን የምትፈልግ ትመስል ነበር።

«ለኔ?» አለች በመጨረሻ። «ለኔ መጽሐፍ ያነበበልኝ ሰው የለም ልጄ። እስከ ዛሬ ድረስ ማንም።»