ከአንድ በሬ ቆዳ

ጋሻ የምቆርጠው ከንጉሡ ከብት ቆዳ ነው። ከአንድ በሬ ሁለት ይወጣል፤ አንዱ ከቀኝ ጎን፣ አንዱ ከግራ። ያስተያያቸው ሰው የአንድ በሬ መሆናቸውን አይስትም።

ከአንድ ቀይ ቡራቡሬ በሬ ለሁለቱ ልጆቼ በቆረጥኩ በዓመቱ የንጉሡ ልጆች በአልጋ ወራሽነት ተጣሉ፤ ዙሉም ለሁለት ተከፈለ። ታላቁ ልጄ ማኮባ ካሸነፈው ልዑል ጋር ተሰለፈ፤ ታናሹ ቤጃና ከተሸነፈው ጋር። ከተዋጉበት ከቱጌላ ወንዝ ዳር ማኮባ ብቻ ተመለሰ። የተሸነፈው ወገን ሰው የተገኘበት ቤት ከብቱ ይነዳል፣ ጎጆው ይቃጠላል። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ «ቤጃና ከጦርነቱ በፊት ወንዙን ተሻግሮ ነጮች ዘንድ ገብቷል» እል ነበር።

በሦስተኛው ወር ሹሙ ማፎሎ ከወንዝ ዳር የተለቀሙ ጋሻዎች አሸክሞ መጣ። አራተኛው የቤጃና ነበር። በበሬው አከርካሪ ላይ የነበረውን ነጭ ነጥብ ቢላዬ ለሁለት ከፍሎት ነበር፤ ግማሹ እዚህ ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ በማኮባ ጋሻ ላይ። በር ላይ የቆመው ማኮባ የራሱን ጋሻ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሽማግሌው፣ የእጅህ ሥራ ነው። የማን ነበር?» አለኝ ማፎሎ።

«የቆረጥኩትን ሁሉ ካስታወስኩማ ጌታዬ፣ የሚስቴ ስም ይጠፋኛል።»

ሳቀ። «ትንሹ ልጅህስ? አሁንም የነጭ ላም ያልባል?»

«ያልባል አሉ።»

«በል፣ ቆዳ የለም። ይሄን ለሌሎቹ ጋሻዎች መጣፊያ አድርገው። እዚሁ፣ እያየሁህ።»

ቢላዬን ሳልኩ። ጋሻው ላይ በደረት ቁመት ሁለት የጦር ቀዳዳ አለ፤ ሁለቱም ከፊት የገቡ ናቸው። በውስጥ በኩል ደም ደርቋል። ጀርባውን አልሰጠም ማለት ነው። ስለ አሟሟቱ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። መጀመሪያ የቆረጥኩት ነጩ ነጥብ ያለበትን ጠርዝ ነው።

ማፎሎ ሲሄድ ሚስቴ ማምባታ ከጣሪያው ሣር ውስጥ የደበቀችውን የቁርቁራ ቅርንጫፍ አወጣች። የሟች መንፈስ ከሞተበት ቦታ ቤቱ የሚገባው በዚህ ቅርንጫፍ ተመርቶ ነው።

«ጋሻውን አየሁት እኮ» አለች። «ሄደህ ልጄን አምጣልኝ።»

«ቅርንጫፉን ይዤ ስሄድ ያየኝ ማንን ልታመጣ ነው ይለኛል። በሕይወት አለ ብያለሁ። ማኮባስ? ከብቱስ?»

«እና ልጄ ወንዝ ዳር ይቅር?»

«ለከርሞ እሄዳለሁ።»

«ለከርሞ ይሄ ይደርቃል።»

«ሌላ እቆርጣለሁ።»

«አንተማ መቁረጥ ታውቃለህ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቢላዋ የቆረጥኩትን ሥጋ ከእጄ አትቀበልም።