የጋሼ እርሾና ሠላሳ አንድ ዲግሪ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ አባ ጨምር ይለዋል። ስሙ የወጣለት ፀጉር ስለሚጨምር አይደለም፤ ፀጉሩንማ ይቀንሳል። የሚጨምረው ወሬ ላይ ነው። ጠዋት አንዲት ድመት በሱቁ ደጃፍ ብታልፍ ለምሳ ነብር ትሆናለች፤ ሳምንት ሳይሞላት ሁለት ነብሮች ከነግልገሎቻቸው ሆነው መንገድ ይዘጋሉ። ሰዉም እያወቀ ይስቅለታል።

ታላቅ ወንድሙ የተገላቢጦሽ ነው። የአባ ጨምር ሚስት ሳትቀር ጋሼ ነው የምትለው። ጋሼ ሃያ ስምንት ዓመት በቢራ ፋብሪካ፣ ቢራው በሚብላላበት ክፍል ሲሠራ «ወደ አሥር ገደማ» የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ከሆነ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው። ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ሌላው ሠራተኛ ወንበርና ጠረጴዛ ሲሻማ፣ ጋሼ አንድ ብልቃጥ እርሾ በካፖርቱ ጠቅልሎ ወጣ። እርሾው ከእሱ በፊት በነበሩት፣ ከእነሱም በፊት በነበሩት እጅ ሲዞር የኖረ ነው። ፋብሪካው ቢፈርስም ዘሩ አልጠፋም ለማለት ያህል።

አሁን ጋሼ ሩቅ ከተማ ወዳለችው ልጁ ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። እሷ ቤት ያለው ፍሪጅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሕፃናት ወተት ጢም ብሏል። እርሾው ደግሞ ደክሟል፤ ብቅል አብልተው ካላደሱት የሚሞትበት ጊዜ ደርሷል። ስለዚህ ጋሼ ሰኞ ዕለት፣ ሳይወድ በግዱ፣ ወደ ታናሽ ወንድሙ መጣ።

ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ኩሽና ውስጥ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ቆሟል። ሲነሳ እንደ ጭነት መኪና አጓርቶ ነው። በአባ ጨምር አፍ ከሄድን ደግሞ ሲጠፋ የሦስተኛው መንገድ ውሾች «ምነው ዝም አለ?» ብለው ይሰበሰባሉ። ወንድማማቾቹ እርሾው የተጨመረበት የብቅል ጭማቂ የሞላ የሃያ ሊትር ነጭ ባልዲ ተጋግዘው እዚያ ውስጥ አስገቡ። ክዳኑ ላይ ውሃ የያዘች ጠማማ ቱቦ ተሰክታለች፤ ቢራው ሲተነፍስ ቡልቅ የምትለው እሷ ናት። ጋሼ በገዛ እጁ የሠራውን መቆጣጠሪያ ሳጥን በሩ ላይ ለጠፈው። ከሳጥኑ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ጫፉ ላይ ባቄላ የምታህል ጭንቅላት አለችው፤ ሙቀት የምታነበው ያቺ ጭንቅላት ናት። እሷን ባልዲው ጎን ላይ አስደግፎ፣ ከላይ ስፖንጅ ደርቦ፣ በፕላስተር አሰራት። በላዩ ደግሞ አሮጌ ካፖርቱን አለበሰው።

«የምንለካው የቢራውን ሙቀት ነው፣ የፍሪጁን አይደለም» አለ ጋሼ። «እርሾ ሲሠራ ይሞቀዋል፤ እንደ ሰው ነው። ከአሥራ ሁለት ካለፈ ሳጥኑ ፍሪጁን ያስነሳዋል፤ ከወረደ ያጠፋዋል። ሃያ ከገባ ቢራው የጥፍር ቀለም ይሸታል። ሠላሳ ከገባ እርሾዬን ቀብረህ ጠብቀኝ።»

«ሙት ስልህ ጋሼ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው።»

«እኔን አትግደለኝ፤ ቁጥሩን ጠብቅ። ለማንም ደግሞ አትናገር፤ አንተ ስትናገር ይጨምራል። ያለኝን በሙሉ ነው የጨመርኩት፤ ተጠባባቂ የለኝም። ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ። ደህና ከሆነ አንተ ጋ ይቀራል። ካልሆነ...» አልጨረሰውም። ባዶውን ብልቃጥ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ሁለት ቀን ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ሄደ። አባ ጨምር በአንድ ደንበኛና በሚቀጥለው መካከል ወደ ኩሽና ብቅ ይላል፣ አሥራ ሁለትን ያያል፣ ቡልቅታውን ይሰማል፣ ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል። በሕይወቱ ሰው አምኖ የሰጠው የመጀመሪያው ነገር መሆኑን ለማንም አልተናገረም። ለእሱ ይህን ያህል ዝምታ ተአምር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ኩሽናውን ልታጸዳ ገባች። ፍሪጁን ከፈተች፣ ካፖርቱን ገለጥ አደረገች፣ ሦስት ቀን ስትፈልገው የከረመችው አዲሱ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ባልዲ ጎን ላይ ተለጥፎ አገኘችው። «ወይ ጉድ» ብላ ላጠችውና ወሰደችው። ሽቦው ተንጠለጠለ። እሷ ደግሞ ንጹሕ ሰው ናት፤ ሽቦ ሲንጠለጠል አትወድም። በሥርዓት ጠቅልላ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ሞተሩ ሲሠራ የሚግለው ፍርግርግ ላይ ሰቀለችው። ካፖርቱን መልሳ አለበሰች፣ በሩን ዘጋች፣ ሥራዋን ቀጠለች።

በምሳ ሰዓት አባ ጨምር ብቅ ሲል ሳጥኑ ሠላሳ አንድ ይላል።

ፍሪጁ እያጓራ ነው፣ ቁጥሩ ግን ሠላሳ አንድ ነው። ሮጦ ከፍሪጁ የላይኛው ክፍል የቀዘቀዙ የውሃ ጠርሙሶች አውጥቶ ባልዲውን ዙሪያውን ከበበው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሠላሳ ሦስት። ከጎረቤት በረዶ ለምኖ ጨመረ፤ ሠላሳ ስድስት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፍሪጁ በበረታ ቁጥር ጀርባው ይግላል፣ ጀርባው በጋለ ቁጥር ሽቦው «ሞቀኝ» ይላል፣ ሽቦው ሞቀኝ ባለ ቁጥር ፍሪጁ ይበረታል። ለእኛ ነው ግልጽ የሆነው። እሱ ጠርሙሶቹን ሲያስገባ እጁ ባልዲውን ነክቷል፤ እጁ «ይሄ በረዶ ነው» ብሎታል። ቁጥሩ «እሳት ነው» ብሎታል። አባ ጨምር የተማረው እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ በእጁና በቁጥር መካከል ሲፈርድ ለቁጥር ያደላል።

ዓርብ ጋሼ ደወለ።

«ስንት ነው?»

ሳጥኑ ሠላሳ ሰባት ይል ነበር። «አሥራ ሁለት። ንቅንቅ አላለም» አለ አባ ጨምር።

ጋሼ ስልኩን ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ዕቃ እያጠበች፣ ባሏ የፍሪጁን በር ተደግፎ እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን ደፍቶ አየችው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«የጋሼ እርሾ በሙቀት አለቀ።»

«ከዚህ ውስጥ ነው የሞቀው? እኔ እኮ ትናንት ወተት ሳወጣ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።» ስፖንጁን ጨመቀችው።

አባ ጨምር ስፖንጁን አየ። ከዚያ ካፖርቱን ገለጠ። ከዚያ ሽቦውን ተከትሎ ከፍሪጁ ጀርባ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ የቆሎ መጥበሻ መስሎ ነበር። የሽቦውን ጭንቅላት ባልዲው ላይ መልሶ አሰራትና ጠበቀ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ሁለት ነጥብ ሦስት ላይ ቆመ። ቱቦዋ ጭጭ ብላለች።

የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ባልዲውን አቅፎ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ጉብ አደረገው፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረለት፣ ፀጉር ማድረቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ጎን ጎኑን ይነፋው ጀመር።

ፖስተኛው ጢሙን ሊላጭ ሲገባ በሩ ላይ ቆመ።

«ተራው የማን ነው?»

«የእሱ ነው» አለ አባ ጨምር፣ ዞር ሳይል።

«ራሰ በራ ነው እኮ።»

«ብርድ መቶት ነው። ተራራ ላይ ሦስት ቀን በረዶ ውስጥ ቆይቶ፣ አሥራ ሁለት ሰው ተሸክሞ አወረደው።»

«አሥራ ሁለት?»

አባ ጨምር ሊቀጥል አፉን ከፈተ። ከፖስተኛው ትከሻ ጀርባ ግን ጋሼ ቆሟል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ባልዲውን፣ ነጩን ጨርቅና ማድረቂያውን በየተራ እያየ። ፖስተኛው ሁለቱን አየና ደብዳቤ ያልሰጠው ሰው እንዳለ ትዝ ብሎት ወጣ።

መብራት ጠፋ ማለት ይቻል ነበር። ፍሪጁ ፈነዳ ማለት ይቻል ነበር። አባ ጨምር ከእነዚህ የባሱ ውሸቶችን በእንቅልፍ ልቡ ያወራል። አሁን ግን ማድረቂያውን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ትናንት በስልክ ያልኩህ ውሸት ነው» አለ።

«እሱንማ አውቄያለሁ። ንቅንቅ የማይል ቁጥር አይቼ አላውቅም። እውነቱ ምንድን ነው?»

እውነቱን ነገረው። ሲነግረው የራሱን ጆሮ አላመነም፤ ካወራቸው ውሸቶች ሁሉ ይልቅ ውሸት የሚመስለው ይሄ ነበር።

«ስፖንጅ» አለ ጋሼ።

«ስፖንጅ።»

«ሽቦው ሞተሩ ላይ ተጠቅልሎ።»

«በሥርዓት።»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ሚስቱ ከኩሽናው በር። «የዕቃ ማጠቢያዬን ባልዲ ላይ ለጥፋችሁ ምን ልበል? ቢነግረኝ ኖሮ እጄ ይቆረጥ ነበር እንጂ አልነካውም። አትናገር ያልከው አንተ ነህ አሉ።»

አትናገር ያለው ጋሼ ነው። ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ስታወጣው ስንት ነበር?»

«ሁለት ነጥብ ሦስት።»

ጋሼ ቀና ብሎ አየው፤ «ነጥብ» የሚባል ነገር ከዚህ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ማድረቂያውን ነቀለው።

«ብርድ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው ይሄ ነው። ጎኑን ትጠብሰዋለህ፣ ሆዱ ግን በረዶ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በሰዓት ሁለት ዲግሪ ይበቃዋል፤ ክፍሉ ራሱ ያሞቀዋል።»

ባልዲውን በፎጣ ጠቀለሉት። በየግማሽ ሰዓቱ ጋሼ ይይዘዋል፣ አባ ጨምር ቀስ አድርጎ ያወዛውዘዋል፣ ከታች የተኛው እርሾ እንዲነሳ። ሌሎች ደንበኞች በሌላኛው ወንበር ተላጭተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ጋሼ መስታወቱን እያየ፣ ለመስታወቱ የሚያወራ ይመስል፣ እንዲህ አለ።

«ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሙሉ ጋን አስተኝቻለሁ። አራት ሺህ ሊትር። የማቀዝቀዣውን ውሃ ሳልዘጋ ምሳ ሄድኩ።»

«አንተ?»

«ቧንቧው ተበላሽቶ ነው አልኩ። ቧንቧው ደህና ነበር። ሳይበላሽ የተቀየረ ቧንቧ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

አባ ጨምር እንዲህ ያለ ወሬ እጁ ገብቶ አያውቅም። ምን ሊጨመርበት እንደሚችል ለማሰብ እንኳ አልደፈረም። ለወንድሙ ውሃ ቀዳለት።

አሥር ሰዓት ላይ ቱቦዋ ቡልቅ አለች። አባ ጨምር ከመቀመጫው ተነሳ።

«ተቀመጥ» አለ ጋሼ። «የመጀመሪያዋ አትቆጠርም፤ ሙቀት ያባረረው አየር ነው። ተከታታዮቹን ቁጠር። በአንዷና በሌላዋ መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለ ጻፍ። እያጠረ ከሄደ ሕያው ነው።» ይህን ብሎ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ሌሊቱን በሐሳብ አልተኛም ነበር፤ ወዲያው እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

አባ ጨምር ወረቀት ስላጣ የመላጫ ሳሙና ይዞ መስታወቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሁለት መቶ አርባ። ሁለት መቶ አሥር። መቶ ሰባ አምስት። መቶ ሃምሳ። ቀጥሎ ግን ቱቦዋ ዝም አለች። መቶ ሃምሳ አለፈ፤ መቶ ሰባ አለፈ። ቡልቅ ስትል መቶ ዘጠና ስምንት ነበር። ሳሙናውን ይዞ ቆመ። መቶ ሠላሳ ብሎ ቢጽፍ ማን ያያል? ረድፉም ያምር ነበር። መቶ ዘጠና ስምንት ብሎ ጻፈና ተቀመጠ። ቀጥሎ መቶ ሠላሳ ሁለት መጣ። ከዚያ መቶ አሥር። ከዚያ ሰማንያ ስድስት። መስታወቱን ሞላው።

ጋሼ ሲነቃ ረድፉን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«አምስተኛዋ ለምን ረዘመች?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ግን ረዘመች።»

ጋሼ ከደረት ኪሱ ደብተሩን አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። መቶ ዘጠና ስምንትንም ጭምር። ከባልዲው ሌላ ቡልቅታ ሲሰማ ጣቱን አንስቶ አዳመጠ፣ ደብተሩንም ከደነው።

«ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለ። «አውጣና ለሚስትህ ስጣት፤ በፈላ ውሃ ትጠበው። ቢራው ሲያልቅ ከታች ያለውን እርሾ እዚህ ውስጥ ታጠራቅማላችሁ። የት እንደምታስቀምጡት እሷም ትወቅ።»