ውጤቱ ሳይከፈት

እታለማሁ አንገቷ ላይ ያበጠው ነገር ከወጣላት ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ከማግስቱ ጀምሮ አንድም ጠዋት ሳታሳልፍ የግራ ጆሮዋን ጫፍ በሹካ ስትወጋ ሰንብታለች።

ያበደች እንዳይመስላችሁ። ሐኪሙ ከመንጋጋዋ ሥር ንፍፊቷን ሲያወጣ በአጠገቡ የሚያልፍ ቀጭን ነርቭ ስለተነካ፣ ጆሮዋ ለጊዜው እንደሚደነዝዝና ቀስ በቀስ እንደሚመለስ ነግሯታል። ሌላ ሰው ቢሆን "ይመለሳል" የምትለዋን ቃል ይዞ ይተኛል። እታለማሁ ግን ደሴ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች ሴት ናት፤ "ቀስ በቀስ" በቀን ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማ ትወጋለች፤ የሚሰማትን ቦታ ከማይሰማት ለይታ ደብተር ላይ ትስላለች። ካርታው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠበበ ነው።

ኑሮዋ አሁን ባሕር ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ እዚያ አንድ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ትሠራለች። እስክታገግም ግን ጎረቤት ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የልጇ የናዝራዊት አፓርታማ ገብታለች። ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሳ ስለታዘዘ ናዝራዊት የወተቱን ጋሎን እንኳ ከእጇ ትነጥቃታለች።

"አራት ኪሎ አይሞላም እኮ!"

"እማ፣ ፕሊስ።"

የቀዶ ሕክምናው ዕለት፣ ማደንዘዣው ሳይሰጣት በፊት፣ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቃው ነበር፤ "የምታወጣውን ፎርማሊን ውስጥ ነው የምትከተው ወይስ እንዳለ ነው የምትልከው?" ሐኪሙ ሳቀና ሁለቱንም እንደሚያደርግ ነገራት። "ላየው እችላለሁ?" ብትለው ደግሞ ይበልጥ ሳቀ። ስትነቃ ንፍፊቷ ሮክቪል ወዳለው ላቦራቶሪ ሄዷል። የሰውን ሥጋ እንዲህ ሲያስቸኩሉት!

ነርሷ ስትሸኛት፣ ውጤቱ በሆስፒታሉ አፕ እንደሚመጣ፣ ሲመጣም ስልኳ እንደሚጮህ፣ አንዳንዴ ሐኪሙ ራሱ ሳያየው እሷ ልታየው እንደምትችል አስረዳቻት። ይህን ነገር እታለማሁ በጣም ወደደችው፤ ምክንያት አላት። ባሏ ዓምደሚካኤል ሲታመም ሐኪሙ የነገረው ለእሷና ለወንድሞቹ ነበር። እነሱ ደግሞ "ጨጓራ ነው" አሉት። ስምንት ወር ሙሉ "ይሄ ጨጓራ አልለቀኝ አለ" ሲል ኖሮ፣ የገደለውን በሽታ ስም ሳያውቅ ሞተ። ያኔ ናዝራዊት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እታለማሁ ስለዚያ ውሸት እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም።

ስልኳ ግን ዝም አለ። ስምንት ቀን ዝም። ይብስ ብሎ ናዝራዊት ስልክ ሲደወልላት ኮሪደር ትወጣለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ታንሾካሹካለች፤ እናቷ ብቅ ስትል ደግሞ "ኦኬ፣ ባይ" ብላ ታቋርጣለች። እታለማሁ የተመለከተችውን ይዛ መላ ምቷን ሠራች፤ ውጤቱ መጥቷል፣ ልጅቷ አይታዋለች፣ ካንሰር ነው።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሹካዋን ይዛ ወደ መስታወቱ ስትሄድ፣ በሩ ተንኳኳ።

በቀዳዳው አጮልቃ አየች። ሦስት ወንዶች፣ ጥቁር ሱፍ፣ ከረባት። አንደኛው አቶ ጸጋዬ፣ የአሌክሳንድሪያው ቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው አቶ አሥራት፣ እሳቸውም እዚያው። ሦስተኛውን አታውቃቸውም። አንዳቸውም አይነጋገሩም። ዞር ብትል ናዝራዊት፣ ቅዳሜ እስከ ረፋድ የምትተኛው ልጅ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊቷ አመድ መስሎ መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማለች።

ሰው ሳይጠራ፣ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ፣ ሽማግሌ በጥቁር ልብስ የሚመጣው ለምን እንደሆነ እታለማሁ ታውቃለች። እሷም በዘመኗ ከመርዶ ነጋሪዎች ጋር ስንት በር አንኳኩታለች። ልዩነቱ፣ ለሰው የራሱን መርዶ ሲያረዱት አይታ አለማወቋ ነው። እየፈራች በሩን ከፈተች። ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፍርሃቷ ሥር አንድ ነገር ጆሮውን አቁሞ ነበር፦ እንዴት አድርገው ይናገሩት ይሆን?

"ግቡ። ተቀመጡ።"

"የለም፣ እንቆማለን" አሉ አቶ ጸጋዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "የመጣንበትን ጉዳይ ሳንናገር አንቀመጥም።"

"ቆማችሁም ተቀምጣችሁም ያው ነው፤ አውቄዋለሁ። ብቻ እንዳትሸፋፍኑብኝ። ደረጃው ስንት ነው?"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

"ደረጃ ሲሉ..." አሉ አቶ አሥራት፣ "የትምህርቱን ነው? ማስተርሱን ይዟል።"

"ማነው ማስተርስ የያዘው?"

የማታውቃቸው ሰው አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ አሉ። "መርዕድ እባላለሁ፤ ከላንግሊ ፓርክ ነው የመጣሁት። ልጃችን ነህምያ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ልጅዎን ናዝራዊትን ለትዳር ፈልጎ በእግዚአብሔር ስም ልኮናል።"

እታለማሁ ሹካዋን እንደያዘች ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። "ነህምያ ደግሞ ማነው?"

"እማ፣ ከሆስፒታል ያመጣን ልጅ።"

"ሹፌሩ?"

"ሹፌር አይደለም! አንቺ ነሽ አምስት ዶላር ጉርሻ የሰጠሽው!"

"ለምን ተቀበለኝ ታዲያ?"

"በሁለት እጁ ነው የተቀበለው፤ ምን ይበልሽ?"

እታለማሁ ሳቋ መጣ። ቁስሉ ተሳበና አንገቷን በመዳፏ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅላት ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ስልኬን ምን አደረግሽው?"

ናዝራዊት ወለሉን አየች። "ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያ ከትቼዋለሁ። ውጤቱ ትናንት ከሰዓት ነው የመጣው። አልከፈትኩትም፤ አይ ስዌር፣ እማ።"

"ለምን?"

"መጥፎ ከሆነ 'እሺ' የምትዪው አዝነሽልኝ ነው፤ 'ሳልሞት ልዳራት' ብለሽ። ጥሩ ከሆነ ደግሞ ከደስታሽ ብዛት ለማንም 'እሺ' ትያለሽ። እኔ የራስሽን መልስ ነበር የፈለግሁት። ለዚህ ነው ዛሬ ይምጡ ያልኳቸው።"

እታለማሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቿ ልታስረዳ የደከመችበት ነገር ነበር ይህ፤ የምትለካውን ነገር ለክተህ ሳትጨርስ ሌላ ነገር አትጨምርበት። በባዮሎጂ ከሃምሳ በላይ አምጥታ የማታውቅ ልጅ ገብቷታል! ኩራት ቢጤ ተሰማት፤ ንዴቱም ግን አልቀረም።

"አስበሻል" አለቻት። "ነገር ግን ሁለተኛ የእኔን ነገር ከእኔ እንዳትደብቂ። አባትሽን እንዲያ አድርገን ነው የሸኘነው።"

ናዝራዊት አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ተመለከቱ።

"ወጉ እንግዲህ" አሉ አቶ ጸጋዬ በቀስታ፣ "ቀጠሮ ይሰጡንና መክረው..."

"ቀጠሮ እኔ ጠግቤአለሁ፤ በሰው ላይ አላደርገውም። አቶ መርዕድ፣ ይህ ልጅ ሲናደድ ምን ያደርጋል?"

አቶ መርዕድ አሰቡ። "መኪናውን ያጥባል።"

"በክረምትስ? በረዶ ሲሆን?"

"በበረዶም ሲያጥብ አይቼዋለሁ፤ አልዋሽዎትም።"

እታለማሁ ያን ቀን አስታወሰች። ማደንዘዣው ገና ስላለቀቃት ዓይኗ ይከደንባት ነበር፤ ቢሆንም መንገዱን ስትቆጥር ነው የመጣችው። ከሆስፒታሉ እስከ አፓርታማው በር አሥራ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ልጁ አሥራ አንዱም ጋ ከመድረሱ በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በመስታወቱ አንገቷን ያያል፣ ከዚያ ያልፋል። ጉርሻውንም የሰጠችው ለዚያ ነበር።

"እሺ" አለች። "ሰጥቻለሁ። በሉ አሁን ተቀመጡ።"

መረቁ፤ ተቀመጡ። ናዝራዊት እንባዋን ጠርጋ ስልኩን ከመሳቢያ አወጣች።

"ከላይ ጀምረሽ አንብቢ" አለች እናቷ። "መደምደሚያው ላይ እንዳትዘዪ።"

ናዝራዊት በእንግሊዝኛ ታነባለች፤ እታለማሁ እንደ ክፍል ውስጥ እየተረጎመች ለሽማግሌዎቹ ታስረዳለች። ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ተኩል። ቀለሙ ግራጫ። ከዚያ፦ "የካንሰር ምልክት አልታየም።"

"ጌታ ይመስገን!" አሉ ሦስቱም ባንድነት።

"ቆዩ፣ አልጨረሰችም።" እጇን አነሳች። የያዘችው ሹካም አብሮ ተነሳ። "ይሄ ያልሆነውን ነው የነገረን። የሆነውንስ?"

የሆነው ደግሞ ይህ ነው፤ ሰውነት አንድን ተህዋስ ከቦ ለማሰር የሚሠራቸው ጥቃቅን ቋጠሮዎች ታይተዋል፤ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ተጀምሯል ይላል።

አቶ አሥራት ወንበራቸውን ትንሽ ወደኋላ ገፉ።

"አይዞዎት፤ ሳምባዬ በራጅ ታይቶ ንጹሕ ነው። የንፍፊት ቲቢ በትንፋሽ አይተላለፍም። ከሆነም ስድስት ወር ክኒን መዋጥ ነው።"

በልቧ ግን ወደ ደሴ ተመለሰች። ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ተማሪ ሳል ይሆን የገባው? ስንት ዓመት ሰውነቷ ሳይነግራት አጥር አጥሮበት፣ ዘብ ቆሞበት ኖረ? የጆሮዋን ጫፍ ነካችው። ከትናንቱ ይልቅ ትንሽ የሚሰማት መሰላት፤ ሹካውን ግን ለጊዜው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አቶ መርዕድ።"

"እመት።"

"ያ ልጅ ሰኞ ሥራ አለው?"

"ለምን ፈለጉት?"

"ላቦራቶሪው ድረስ እንዲወስደኝ ነው። ስላይዱን እስኪያሳዩኝ በራቸው ላይ እቆማለሁ። እናንተም ጉዳያችሁ ሳይነገር አንቀመጥም አላላችሁም?"