የልጇ ደም

«የአባት ደም ለልጁ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» የሟቹ ሚስት ሕፃኗን እንዳቀፈች ጮኸች። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች የሻይ ብርጭቋቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

የሟቹ ጓደኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። አቀርቅሮ መለሰ። «ደሙን በሕይወት ሳለ ለምርምር ከሰጠ በኋላ የምርምር ተቋሙ ንብረት ነው አሉኝ። ውስጡ ያለው መረጃ ደግሞ የሱ የግል ምስጢር ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ ለዘመድም አይሰጥም።»

«ሞቷል እኮ! ከመቃብር ተነስቶ ይፍቀድ?»

«አንዴ ሆስፒታል ከገባህ የራስህም አይደለህም» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

የሟቹ እናት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ልጇን የቀጠፈው የልብ በሽታ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ሰሞኑን የሕፃኗም ከንፈር መጥቆር ጀምሯል። ሐኪሞቹ በሽታውን ለይተው ለማከም ከአባቷ አካል የቀረ አንድ ነገር ጠይቀዋል። ማበጠሪያው ላይ የቀረ ፀጉር እንኳ ይበቃ ነበር። አጣቢዋ ግን ከቀብር መልስ ሐዘኑ መቀመጫ ቢያሳጣት የለመደችውን አደረገች፤ ትራሱን፣ ፒጃማውን፣ ማበጠሪያውን ሳይቀር በበረኪና ዘፍዝፋ አጠበች። እጇን ብትቆርጠው በወደደች።

ልጇንም ያገኘችው እጥበት ላይ ነው። የሆስፒታል አንሶላ ስትለይ ከክምሩ ውስጥ አንዱ ጥቅል አለቀሰ። ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች። ሰፈር ቀየረች፣ ወለድኩት አለች፣ ማንም አልጠረጠራትም። እሱማ አድጎ ጢም ካወጣ በኋላ፣ «ካንቺ የወረስኩት ይሄን ትልቅ ጆሮ ብቻ ነው» እያለ ያስቃት ነበር። ሳትነግረው ሞተ።

«አንድ መንገድ አለ» አለ ባለሙያው ድንገት። «የወላጅ እናቱ ደም ይረዳናል። የእማማን ልውሰድና ዛሬውኑ ይመርመር። ለሱ ተቋሙን አንለምንም።»

ምራቷ ሕፃኗን ለጎረቤት አቀብላ የአማቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «እማማ! እርስዎ አሉልን እኮ!» እያለቀሰች እየሳቀች እጅጌዋን እስከ ክርን ሰበሰበችው።

ዝም ብትል የሷ ደም ሐኪሞቹን ያሳስታል፤ ሕፃኗም እንደ አባቷ ትቀጫለች። ብትናገር ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ትቀብረዋለች። አጣቢዋ ሕፃኗን አየቻት። አተነፋፈሷ ያስፈራል።

ባለሙያው መርፌውን አወጣ።

«አልወለድኩትም» አለች።

ባለሙያው መርፌውን መልሶ አስቀመጠ። እሷም የምራቷን እጅ ከክንዷ ላይ ቀስ ብላ አነሳች፤ እጅጌዋን ወደ ታች ጎትታ ቁልፉን ቆለፈች።