ወደ ግራ ያዘነበለ ቋጠሮ

በዶርዜ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። ምኞት ይህን ማን እንደ ደነገገው ከልጅነቷ ጀምራ ስትጠይቅ ኖራለች፤ የሚመልስላት ግን አላገኘችም። ሰባት ዓመቷ ላይ አባቷ ለምሳ ሲነሣ ጠብቃ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ገባችና መወርወሪያውን ስትሞክር ድሩን በጣጠሰችው፤ የዚያን ቀን የቀመሰችውን ልምጭ እስከ ዛሬ አትረሳውም። አድጋ፣ ሸማኔውን ሀይሌን አግብታ፣ ሁለት ልጆች ወልዳም አመሏ አልለቀቃትም። ጎረቤቶቿ ምኞት ሳትጠይቅ ያለፈችው ሬሳ ብቻ ነው እያሉ ያሟታል።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ጨንቻ ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ተጠራርጎ ለሴቶች የምንጣፍ ሥራ የሚያስተምር ድርጅት ተከፈተበት። አስተባባሪው ጌዲዮን የሚባል የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። በየቀበሌው እየዞረ እንዳስረዳው፣ የደጋው በግ ጸጉር እስካሁን በከንቱ ሲጣል ኖሯል፤ ከእንግዲህ ሴቶቹ ራሳቸው ፈትለው፣ ቀልመው ምንጣፍ ይሠሩበታል፣ ድርጅቱም ገበያ ያፈላልግላቸዋል። ምኞት ከተመዝጋቢዎቹ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሀይሌ ሲሰማ እግር ለሚረግጠው ነገር ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ ገርሞት ሳቀ እንጂ አልከለከላትም።

አሠልጣኟ አስቴር ትባላለች። ቢበዛ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። የምንጣፍ ሥራ እንደ ሸማ እግርን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ አይደለም። ድሩ እንደ በር በቆመ የእንጨት ማዕቀፍ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወጠራል። ሠራተኛዋ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሱፉን ክር በድሩ ላይ ትቋጥራለች፣ በቢላ ትቆርጣለች፤ መስመሩ ሲያልቅም ማግ አሳልፋ ጥርስ ባለው ብረት ወደ ታች እየመታች ታጠብቀዋለች። አስቴር ግራኝ ናት። ስትቋጥር ጣቶቿ ከፍጥነታቸው የተነሣ አይታዩም። ምኞት አጠገቧ ተቀምጣ አሁን ያደረገችውን እንድትደግምላት ስትለምናት ትውላለች፤ አስቴርም ሳትሰለች ትደግምላታለች። ምንጣፍ የሚነበበው ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ነው ብላ ያስተማረቻትም እሷ ናት። ጌዲዮን ከአዲስ አበባ ለናሙና ያመጣቸውን ምንጣፎች ገልብጠው ሲያዩ ቋጠሯቸው ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የአስቴር ብቻ ወደ ግራ ይተኛል።

አስቴር ስለ ሥራው የተጠየቀችውን ሁሉ ትመልሳለች። ስለ ራሷ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አገርሽ የት ነው ሲሏት «ከታች ነው» ትላለች፤ ከታች ማለት ደግሞ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ያለው አገር ሁሉ ነው። ጋሞኛዋ ከጨንቻ ቁልቁል ያለው የኦቾሎ መንደር ሰው አነጋገር እንደሆነ ምኞት በጆሮዋ ለይታዋለች። ሙያውን የት እንደ ተማረች ሲጠይቋት ሰው አስተማረኝ ብላ ታልፈዋለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር፣ የገባው ማንም ይሁን ማን፣ ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። መስቀል ሲደርስ፣ የጋሞ ሰው ከያለበት ወደ ወላጆቹ ቤት ሲተም፣ እሷ መጋዘኑ ውስጥ ሱፍ ስታበጥር ዋለች። ሴቶቹ ባሏን ጥላ የኮበለለች ናት ተባባሉ። አንዷ ደግሞ መነኩሲት ነበረች ብላ ማለች። ምኞት አንዱንም አላመነችም።

ታኅሣሥ ላይ ጌዲዮን አርባ ምንጭ ለሚደረግ አውደ ርዕይ ሁለት ምንጣፍ ሲያወርድ ሥራውን ለሰው እንድታስረዳ ምኞትን ይዟት ወረደ። ከጨንቻ ጉም ወጥተው፣ ጠመዝማዛውን ጨርሰው፣ ሙቀቱ ፊቷን ሲገርፋት የደረበችውን ሁሉ አወለቀች። ሴቻ በሚባለው የከተማው ክፍል አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ብለው ጌዲዮን ፈቃድ ሊያስፈርም ሲገባ እሷ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ተቀምጣ ጠበቀችው። ወለሉ ላይ ቀይ ጽጌረዳ የተሠራበት ያገለገለ ምንጣፍ ተነጥፏል። ምኞት ግራ ቀኝ ካየች በኋላ ጎንበስ ብላ ጫፉን ገለበጠችው። ቋጠሮው ወደ ግራ ይተኛል።

ጸሐፊዋ አይታት ፈገግ አለች። ምኞት ምንጣፉ ከየት እንደ ተገዛ ጠየቀቻት። ጸሐፊዋም ከማረሚያ ቤት እንደሆነ፣ እስረኞች ሠርተው እንደሚሸጡት፣ ይኸኛው ከተነጠፈ አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደማይቀር ነገረቻት።

አውደ ርዕዩ አልቆ ሽቅብ ሲመለሱ ምኞት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ተጓዘች። ጌዲዮን ምን እንደ ሆነች ሲጠይቃት ያየችውን ነገረችው። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «የማውቀውን አውቄ ነው የቀጠርኳት። የቀረውን ራሷን ጠይቂያት፤ ሌላ ሰው ግን እንዳትጠይቂ» አላት።

በማግሥቱ ሴቶቹ ከበው ስለ ጉዞው ሲጠይቋት ስለ ሙቀቱና ስለ ሐይቁ ብቻ አወራችላቸው። ለሀይሌም አልተነፈሰችም። ወሬውን የያዘችው እንደ ትኩስ ድንች ነበር፤ መዋጥም መትፋትም አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን፣ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ወደ አስቴር ማዕቀፍ ተጠጋች።

«እትዬ፣ ሴቻ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምንጣፍሽን አየሁት። ጽጌረዳ ያለበትን።»

የአስቴር እጅ ድሩ ላይ ቆመ። «ገልብጠሽ አየሽው?»

«ገልብጬ አየሁት።»

«ቋጠሮው ላልቷል?»

«አልላላም። ጠርዙ ጋ ብቻ ትንሽ ሳስቷል።»

«በር አጠገብ አንጥፈውት ይሆናል» አለች አስቴር፤ ከዚያ ቢላዋን አስቀመጠችና ሳትጠየቅ ነገረቻት። የኦቾሎ ልጅ ናት። ጣይቱ የምትባል የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ አብረው ያደጉ፣ አብረው የሚፈትሉ። ሁለቱም ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው አንድ ቀን ምንጭ ላይ በውኃ መቅጃ ተራ ተጣሉ። አስቴር ገፈተረቻት፤ ጣይቱ ወደቀችና ራሷን ድንጋይ መታት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አስቴር ብዙ ዓመት ታሰረች። ቋጠሮውን ያስተማረቻት እዚያው የታሰረች አንዲት ትልቅ ሴት ናት። ስትፈታ አባቷ ሞተው ነበር፤ ሽማግሌ የሚልክላት ዘመድ አልነበራትም። በአገሩ ልማድ ደግሞ ደም ያፈሰሰ ሰው ሳይታረቅ ከሟች ወገን ጋር ከአንድ ምንጭ አይጠጣም። የጣይቱ እናት ወይዘሮ በለጥሽ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ቤታቸውና የአስቴር አባት ቤት አጥር ለአጥር ነው።

«ይቅርታ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?» አለች ምኞት።

«ምን ብዬ?»

የሀይሌ አባት አቶ ወልደሥላሴ በዱቡሻው፣ ሽማግሌ በሚቀመጥበት በዚያ ሜዳ፣ ብዙ ሰው ሲያስታርቁ ኖረዋል። ምኞት ነገሩን ለእሳቸው ልንገራቸው ወይ ብላ ጠየቀቻት። አስቴር ቢላዋን አንሥታ የጀመረችውን መስመር ጨረሰች፤ ማጉን አሳልፋ መትታ ካጠበቀች በኋላ፣ «ንገሪያቸው» አለች።

አቶ ወልደሥላሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የእርቅ ምልክት የሆነውን ርጥብ ሣር ይዘው ኦቾሎ ወረዱ። ወይዘሮ በለጥሽ በራቸውን አልከፈቱም። በሁለተኛው ጉዞ ከፈቱ፤ አዳመጡ። ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ሲሉ ብቻ፣ አሁን ልጅቱ ምን ሠርታ እንደምታድር ጠየቋቸው። አቶ ወልደሥላሴ እንደ በር በቆመ እንጨት ላይ ክር ትቋጥራለች አሉ። ሴትዮዋ እንዴት እንደሆነ እንዲያብራሩላቸው ቢጠይቁ ሽማግሌው ከዚያ በላይ አላውቅም ብለው አፍረው ተመለሱ። ማታ ምኞትን ጠርተው ስለዚያ ማዕቀፍ ከላይ እስከ ታች ጠይቀው አጠኑ፤ ለሦስተኛው ጉዞ ተዘጋጅተው ነበር።

ሦስተኛው ጉዞ ግን አላስፈለገም። በመጋቢት አንድ የገበያ ቀን የመጋዘኑ በር ተከፈተና ቀርከሃ የተመረኮዙ፣ እስከ ባታቸው ጭቃ የነካቸው አሮጊት ገቡ። አስቴር እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ አልተቀመጠችም። ምኞት የአስቴርን ፊት አይታ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ገባት። ሌሎቹ ሴቶች ምንም ሳያውቁ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ወይዘሮ በለጥሽ አስቴርን አላዩአትም። ማዕቀፉን ነው ያዩት። ዙሪያውን ሄደው ከጀርባውም ከፊቱም አዩት። ክሩ የበግ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ ምኞት መለሰችላቸው። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁ፤ አሁንም ምኞት መለሰች። ቀዩን በጣታቸው ነክተው በምን እንደ ተቀለመ ሲጠይቁ ምኞት አፏን ልትከፍት ስትል እጃቸውን አነሡ።

«እሷ ትንገረኝ» አሉ።

«በእንሶስላ ሥር ነው» አለች አስቴር።

«እንሶስላ እኔም ጓሮ አለ። ጣይቱ እጇን ትሞቀው ነበር።»

«አብረን ነበር የምንሞቀው።»

«አውቃለሁ፤ የምወቅጥላችሁ እኔ ነበርኩ።» አሮጊቷ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «በይ ሥሪ፤ ልየው።»

አስቴር ተቀምጣ ቋጠረች። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቋጠሮዎች ተፈቱባት፤ መልሳ ቋጠረቻቸው። ወይዘሮ በለጥሽ መስመሩ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከእጇ አልነቀሉም። ሲያልቅ ተነሡና በሩ ላይ ወደ ምኞት ዞረው፣ በሚመጣው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ሣራቸውን ይዘው እንዲመጡ ነግረዋት ሄዱ።

እርቁ ከፋሲካ በኋላ ኦቾሎ ሜዳ ላይ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ይዘው መረቁ፤ አስቴርና የሟች ወገኖች ከአንድ ቅል ጠጡ። ምኞት ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማ ወይዘሮ በለጥሽ ወደ አስቴር ጆሮ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ሲሉ አየች። ጨንቻ እስኪመለሱ መታገሥ አቃታትና መንገድ ላይ ምን እንዳሏት ጠየቀቻት።

አስቴር ትንሽ ሄዳ ቆመች። ጨንቻ ይበርዳል፤ የት ነው የምታድሪው ብለው ነው የጠየቁኝ አለቻት። ከመጋዘኑ ጀርባ በተከራየችው ክፍል እንደሆነ ስትነግራቸው ግድግዳው ቀርከሃ ነው ወይስ ጭቃ እንዳሏት፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነም እንደ ጠየቋት ነገረቻት።

«ምን አልሻቸው?» አለች ምኞት።

«ትንሽ ያፈሳል አልኳቸው» አለች አስቴር፤ ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ምኞትም አጠገቧ ተቀመጠች።