ወንድሜ ያላሸገው ግድግዳ

ወንድሜ ካሌርቮ አናጢ ነው፤ በጸሎት ቤታችንም የሚቀመጠው ከፊት ነው። አከብረዋለሁ። በዚያ ማክሰኞ ግን ብችል ኖሮ በረዶው ላይ በግንባሩ እደፋው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ልጄ ሳካሪ ቤቱን የሠራው በደቦ ነው። በኛ በሰሜን ፊንላንድ ልማዱ ይሄ ነው፤ ዘመድ መዶሻውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ የሥጋ ሾርባ እቀቅላለሁ። ለደቦ የመጣን ሰው ሥራ ደግሞ ከኋላው ሄዶ መፈተሽ ነውር ነው። ካሌርቮ መኝታ ክፍሎቹን በጣውላ ሲለብጥ ሳካሪ ገብቶ ሊያይ ነበር። "አጎትህን ልትፈትነው ነው? ተመለስ!" ያልኩት እኔው ነኝ።

የሳካሪ ሚስት ቬንላ ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። የተከራዩት ቤት ግድግዳው ሻግቶ ደረቷን አሟታል፤ ሳሉ ሲነሣባት ሆዷን በሁለት እጇ ትደግፋለች። አዲሱ ቤት ደግሞ አየር እንደማያሾልክ ተፈትሾ ካላለፈ መግባት አይፈቀድም።

ለፍተሻ የመጣችው ሚርካ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥማ አየሩን ወደ ውጭ መሳብ ጀመረች። ግንባታው ሲፈቀድልን የሚሾልከው አየር ልክ ከሁለት አይበልጥም ብለን ፈርመናል፤ መሣሪያዋ ስድስት ተኩል አለ።

"ተበላሽቶ ይሆናል" አለ ካሌርቮ።

"መሣሪያው ደህና ነው አባባ። እጅዎን እዚህ ጋ ያድርጉት።"

መኝታ ክፍሉ ጥግ ላይ እኔም እጄን አስጠጋሁ። ብርዱ ጣቴን ቆረጠኝ።

"ቤት መተንፈስ አለበት!" አለ ካሌርቮ። "የአባታችን ቤት ይሄን ሁሉ ዘመን የቆመው ስለሚተነፍስ ነው።"

"እዚያ ቤት ውስጥ የባልዲው ውሃ በረዶ ሲሆን አብረን አይደል እንዴ የሰበርነው?" አልኩት።

"ያኔ ግድግዳው ግንድ ብቻ ነበር" አለች ሚርካ። "አሁን ውስጡ ብርድ የሚከላከል ጥጥ አለ። የቤቱ እርጥበት ሾልኮ እዚያ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይሻግታል። ሕጉ የወጣው ለዚህ ነው።"

"ሕጉን የጻፉት ሄልሲንኪ ተቀምጠው ነው። እነሱ ደሞ ብርድ ያውቃሉ!"

ሳካሪ በምስማር መንቀያ ጣውላውን ነቀለው። ከጀርባው እርጥበቱን የሚያግደው ፕላስቲክ ተደራርቦ ተንጠልጥሏል፤ መጋጠሚያው አልታሸገም። ከሥሩ አራት ጥቅል ማሸጊያ ፕላስተር፣ መጠቅለያው እንኳ ሳይቀደድ፣ ተወሽቋል።

ዓይኔ ጨለመ። "ረስተህ አይደለም! ደብቀህ ነው! በእህትህ ልጅ ቤት!"

ካሌርቮ ፊቱ ቀላ። ቆቡን አወለቀና "ሂልያ፣ ይቅር በይኝ" አለ።

በኛ በአማኞቹ ዘንድ ለዚህ ቃል መልሱ አንድ ነው፤ ነገሩም ከዚያ በኋላ አይነሣም። ካሌርቮ ይህን አሳምሮ ያውቃል። በአንድ እጁ ቆቡን ይዞ በሌላው ጃኬቱን ይፈልግ ነበር።

"በኢየሱስ ስምና ደም ይቅር ተብለሃል" አልኩት ጥርሴን ነክሼ። "አሁን ጃኬቱን ተወው።"

"ይቅር ካልሽኝ ሌላ ምን ቀረ?"

"ሦስት ክፍል ግድግዳ!"

"በዚህ ዕድሜዬ የሠራሁትን ላፍርስ? ሰው ምን ይለኛል?"

ቬንላ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ነበር። "አጎቴ" አለች ቀስ ብላ፣ "ሰው የሚለውን እኔ እሰማልዎታለሁ። ልጄ የሚተኛበት ክፍል ብቻ ይስጡኝ።"

ይህን እንዳለች ሳሉ ተነሣባት፤ ቶሎም አልለቀቃት። ካሌርቮ ቆቡን መልሶ አጠለቀና ከሳካሪ እጅ የምስማር መንቀያውን ወሰደ።

ሦስት ቀን ነቀለ፣ አሸገ፣ መልሶ ለበጠ። ሳካሪ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በባትሪ እያየ ተከተለው፤ እኔም በዚህ ጊዜ ተመለስ አላልኩትም። ዓርብ ሚርካ ተመልሳ ማራገቢያዋን አስነሣች። አንድ ነጥብ ዘጠኝ።

ቬንላ ፍራሹን አምጡ ብላ ወንዶቹን ላከች። ካሌርቮ እጁን እየጠራረገ አጠገቤ መጣ።

"አየሽ ሂልያ፣ የኔ ሥራ ያልፋል ብዬሽ አልነበር?"

ፊቴን ወደ ሾርባው ድስት አዞርኩ። አፌን ብከፍት ኖሮ ከሚወጣው ስድብ በኋላ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ እሆን ነበር።