ከፍራንክፈርት የመጣች ሴንሰር

እኔ ከተፈጥሮዬ ቁጭ ማለት አልችልም። በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ግን ሰፈሩ ሁሉ ታዘበኝ። ጋራዤን ከፍቼ ትቼ ከጌጃ ሰፈር ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ሰንጋ ተራ፣ ከሰንጋ ተራ ደግሞ ወደ ጌጃ ሰፈር ስመላለስ እውል ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ዕቃ ፍለጋ ነው እላለሁ። ምንም የምፈልገው ዕቃ አልነበረም። ማናለብሽ ታስራ ነበር፤ ያሳሰራት ደግሞ የእኔ አፍ ነው።

አባቷ ጋሽ ኃይለሚካኤል ልደታ፣ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት የአውሮፕላን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሌላው ዶሮ እንደሚያረባ እሳቸው ግቢያቸው ውስጥ አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የእንጨትና የሸራ። ቀበሌው መጀመሪያ ክፉኛ ደነገጠ፤ ኋላ «የፈጠራ ሥራ» የሚል ደብዳቤ ጽፎላቸው ተገላገለ። ሞተሩን ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። ከአሜሪካ ለአንድ ኤምባሲ መጥታ፣ ተጋጭታ በሐራጅ ከተሸጠች ትንሽ የጃፓን መኪና ላይ አወረድኩት። ካርቡራተር የለውም፤ ቤንዚኑን የሚመጥንለት በሽቦ የተተበተበ አንድ ሳጥን ነው።

ጭስ ማውጫው ላይ ደግሞ ሞተር የምታቀጣጥለውን ካንዴላ የምትመስል ሴንሰር አለች። ጭሱ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጂን እንደቀረ እያሸተተች ለሳጥኑ ትነግረዋለች፤ ሳጥኑም እሷን ሰምቶ ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። እኛ አገር የሚቀዳው ቤንዚን እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፤ እርሳስ ለእሷ መርዝ ነው። ይኼን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ሞተሩ ሦስት ወር ሠርቶ ከፍ ዝቅ ማለትና ጥቁር ጭስ መትፋት መጀመሩን ብቻ ነው። እንደ እኔው መረጋጋት አቃተው።

የእኛን ሙያ ለማታውቁ ልንገራችሁ። መለዋወጫ በሌለበት ከተማ ጎበዝ መካኒክ የሚባለው ማስቀረት የሚያውቅ ነው። ቴርሞስታቱ ተበላሸ? አውጥተህ ጣለው። ቱቦው አፈሰሰ? በብሎን ድፈነው። የልደታን ግማሽ ታክሲ እንዲህ አድርጌ ነው ያኖርኩት። ጋሽ ኃይለሚካኤል ግን ይኼን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል።

«ዱጉማ፣ ይኼ ታክሲ አይደለም» ይሉኛል። «ታክሲ ቢቆም ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ብትጎድል የምሞተው እኔ ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሴንሰሯ መሞቷን ስጠረጥር፣ ለአንድ ቀን እንኳ እንደ ፈረንጅ መካኒክ ልሁን ብዬ «አዲስ ይምጣላት እንጂ ሌላ መላ የለውም» አልኩ። ሽቦዋን ነቅዬ ሞተሩ ምን እንደሚሆን እንኳ አልሞከርኩም። ታክሲ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነበር።

ይኼን ያልኩት ማናለብሽ ፊት ነው። የአየር መንገድ አስተናጋጅ ነበረች፤ በዚያ ሳምንት ፍራንክፈርት በራሪ ነበረች። የዕቃውን ቁጥር በወረቀት ጻፍኩላት። ገዝታ፣ እንዳይሰበርባት ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ አመጣችው፤ ስትገባ ተፈተሸች። ካልሲ ውስጥ የተሸሸገ፣ ጭራው ሽቦ የሆነ ብረት። ምንድን ነው ሲሏት «ለአባቴ አውሮፕላን ነው» አለች። እውነቷን ተናግራ ጠፋች።

እናቷ እትዬ ድንቅነሽ በየቀኑ ስንቅ ያደርሱላት ነበር። የትናንቱ ሳህን ባዶውን ሲመለስላቸው «በልታለች» ይላሉ። እኔ ፊታቸውን ማየት አቅቶኝ በጓሮ በኩል ነበር የምገባው።

በታሰረች በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ጉዳይዋን የያዘው መርማሪ ራሱ ግቢያቸው መጣ። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቆሞ አውሮፕላኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«ልጅዎ ዕቃው የሞተር ነው ብላለች» አላቸው። «እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ይዤው እመጣለሁ። ዕቃው ኖሮ ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሳይኖርም እንዴት እንደሚሆን ያሳዩኛል። ልዩነት ካለው ልጅዎን ይወስዳሉ። ከሌለው ግን የሰላይ ሬዲዮ ዕቃ ነው፤ ጉዳዩም ከእኔ እጅ ይወጣል።»

ከእጁ ሲወጣ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ግን ፊታቸው በራ። «ይምጣ፣ ይየው! እውነት ምን ያስፈራታል?» አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ለልደታ ሊሳሉ ከባለቤታቸው ጋር ቤተክርስቲያን ሄዱ። እኔ ሞተሩን ላሟሙቅ ቀረሁ። ግቢው ስለሚጠብ ከፊት የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር አውልቀነዋል። አስነሳሁት፤ እንደለመደው ከፍ ዝቅ እያለ ጭሱን ፊቴ ላይ ይተፋው ጀመር። በገንኩ። «አንተ ነህ ልጅቷን የበላሃት!» አልኩና የሞተችውን ሴንሰር ሽቦ ይዤ መነጨቅኳት።

ሞተሩ ጸጥ አለ። የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ አልጠፋም። ጭሱ ጠራ፤ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና አንድ ወጥ ሆነ። ሳጥኑ የምትዋሸው ሴንሰር ስትቀርለት በራሱ ልክ መሥራት ጀመረ።

አንድ አፍታ ደስ አለኝ። መካኒክ ነኛ። ቀጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በሁለት ጣት የምትነቀል ሽቦ ነበረች። ከወር በፊት ነቅዬያት ቢሆን ማናለብሽ ካልሲ ውስጥ የምትጠቀልለው ነገር አይኖርም ነበር። ነገ ደግሞ መርማሪው ዕቃውን አስነቅሎ ምንም ልዩነት እንደሌለው ያያል።

ለጋሽ ኃይለሚካኤል ልንገራቸው? እሳቸው ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላል። አልነግራቸውም አልኩ። ደንበኛ አታልዬ አላውቅም፤ ሥራዬ ቢከፋም አፌ ንጹሕ ነው። ግን ተነሣሁና እነሱ እስኪመለሱ ሞተሩን እንደ ሌባ ስዳስሰው ቆየሁ። ከአየር ማስገቢያው ሥር ጣት የምታክል የጎማ ቱቦ አገኘሁ። እሷ ከቦታዋ ስትወጣ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስትመለስ ይድናል። ሰው ከፊት ለፊት ቆሞ አያያትም። ሳያዩኝ በግራ እጄ ማውጣትና መመለስ እስክለምድ ድረስ ደጋገምኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

እሁድ በሰዓቱ ደረሰ። ሴንሰሯን ማኅተም ካለበት ፖስታ አውጥቶ ሰጠኝ። አሮጌዋን ፈትቼ አዲሷን ስገጥም መፍቻው ሁለቴ አመለጠኝ፤ ደግነቱ የሰው መደንገጥ በዚያ ዘመን ማንንም አያስገርምም። ጋሽ ኃይለሚካኤል ወንበሩ ላይ ወጥተው አስነሡት። ትንሽ ሲግል ሞተሩ ረጋ። ሽማግሌው ከላይ ሆነው እንደ ልጅ ሳቁ።

«አሁን ይነቀል» አለ መርማሪው። ሽቦዋን ልይዝ ስል እጄን መለሰው። «አንተ ተው። እኔ ነኝ የምነቅለው።»

እኔ ሞተሩን ደግፌ የያዝኩ መስዬ ግራ እጄን ወደ ታች ሰደድኩ። ነቀላት። ቱቦዋን ሳብኩ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተንገዳገደ፣ ክንፉ ሁሉ ተርገፈገፈ። መለሳት፤ መለስኩ። ረጋ። ድጋሚ ነቀለ፤ ሳብኩ። መለሰ፤ መለስኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ያቃጥለኛል፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም። በሦስተኛው ግን ሳላስበው ድንገት ነቀላት፣ ጣቴም ቱቦዋን ሳታት። ሞተሩ አንድ ወጥ ድምፁን ይዞ ቀጠለ። መርማሪው ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ቱቦዋን አገኘኋትና ሳብኩ፤ ሞተሩ ተንገዳገደ።

«ዘገየ» አለኝ።

«ሳጥኑ እስኪገባው ነው፣ ጌታዬ» አልኩት።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ከላይ ሆነው «ልክ ነው፣ ጥቂት ይፈጃል!» አሉ። እሳቸው ያመኑትን ነው የተናገሩት፤ ጆሯቸው አልቀላም። መርማሪው እሳቸውን ጥቂት አያቸውና ሽቦዋን መለሰ። ደብተሩ ላይ ጽፎ ሁለታችንንም አስፈረመን።

ረቡዕ ማናለብሽን ለቀቋት። ከስታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ መጣች። እዚያ ስላየችው አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ከበረራ ታግዳለች። ቤት ውስጥ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሣለች፤ ማንኪያ ቢወድቅ ትነሣለች። እኔ እንኳ አጠገቧ ስሆን ረጋ ያልኩ ሰው እመስላለሁ።

ነሐሴ ላይ አዲሷም ሴንሰር እንደ መጀመሪያዋ ሞተች። ያው ቤንዚን ነዋ። አንድ ቀን ጋሽ ኃይለሚካኤል በሌሉበት ሄጄ ሽቦዋን ነቀልኩና ሞተሩን አስነሣሁት። ጸጥ ብሎ፣ አምሮበት ሠራ። ሽቦዋን ገና በእጄ እንደያዝኩ ማናለብሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤት ወጣች። ሽቦዋን ለቅቄ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሞተሩ ያን ያህል እየሠራ አልበረገገችም። ቀረብ ብላ ቆማ አዳመጠችው፤ ከተፈታች ወዲህ አንድ ቦታ ስትቆም ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እንዲህ የሚያምርበት በእሷ ነው፣ አይደል ጋሽ ዱጉማ?» አለችኝ።

እውነቱን ብነግራት እነዚያ የእስር ቀናት ሁሉ ለባዶ ሊሆኑ ነው።

«በእሷ ነው» አልኳት።

«ባትመጣስ ኖሮ?»

«አይሠራም ነበር።»

መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈችና ቆየች።

«እንኳን አመጣኋት» አለች። እኔም እንኳን አመጣሽ አልኳት።